ስለ ዱር አእዋፍ ኢንፍሉዌንዛና የቤት ዶሮዎችን ስለ መጠበቅ

በጋምቤላ አገር ላሉ ሹማምንትና ባለይዞታዎች የተጻፈ ትምህርት



ዶሮ በቤት ከሚረቡት እንስሳት ሁሉ ትንሿ ናት፤ ስለዚህም በሹም ዘንድ ብዙ ጊዜ አትቈጠርም። የላም ሞት ለወረዳው ይነገራል፤ የዶሮ ሞት ግን ከደጃፍ አያልፍም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ያሉት ዶሮዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ በመንግሥት ቈጠራ ታውቋል፤ የሚበዙትም በትልልቅ የእርባታ ጣቢያ ሳይሆን በባላገሩ ጓሮ የሚኖሩ ናቸው። እንቍላሏ ለጨውና ለሳሙና፣ ጫጩቷ ለልጆች ደብተር፣ እርሷ ራሷ ለበዓልና ለእንግዳ ትውላለች፤ ባለቤቷም ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ ዶሮን መጠበቅ ማለት ሌላ ጥሪት የሌላቸውን እናቶች ገንዘብ መጠበቅ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የዱር አእዋፍ ይዘውት የሚዞሩት ኢንፍሉዌንዛ ምን እንደ ሆነ፣ ጋምቤላ ስለ ምን ከሌላው አገር ይልቅ መጠንቀቅ እንደሚገባው፣ የሹምም ሥራ ምን እንደ ሆነ በተራ እናስረዳለን። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

፩ኛ፤ ደዌው ምን እንደ ሆነ

ኢንፍሉዌንዛ በዓይን በማይታይ፣ ቫይረስ በሚባል ረቂቅ ነገር የሚመጣ ደዌ ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ እንዳለ ሁሉ የአእዋፍም አለ። የዚህ ቫይረስ የጥንት መኖሪያው የውሃ ወፎች ናቸው፤ ይኸውም ዳክዬዎች፣ ዝይዎች፣ እንዲሁም በባሕርና በወንዝ ዳር የሚኖሩ ሌሎች ወፎች ናቸው። በእነርሱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይኖራል፤ ወፊቱ ትበላለች፣ ትዋኛለች፣ ትበራለች፤ ነገር ግን ከኩሷ ጋራ ቫይረሱን በውሃው ላይ ትጥላለች። ሌላይቱ ወፍ ያንን ውሃ ስትጠጣ ትወስደዋለች። እንዲህ እየተቀባበሉት ከዓመት ወደ ዓመት ይኖራል።

የቫይረሱ ዓይነት ብዙ ነው፤ ሊቃውንት በፊደልና በቍጥር ለይተው ኤች5ኤን1፣ ኤች5ኤን8፣ ኤች7ኤን6 እያሉ ይጠሩታል። ከእነዚህ ውስጥ ኤች5 እና ኤች7 የሚባሉት ወገኖች በተለይ ሊጠበቁ ይገባቸዋል። በዱር ወፍ ላይ ሳሉ ብዙ ጊዜ ጕዳታቸው አይታይም፤ ወደ ቤት ዶሮ ተሻግረው ከዶሮ ወደ ዶሮ ሲተላለፉ ግን ጠባያቸውን ለውጠው ገዳይ ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ በአንድ ግቢ ያሉትን ዶሮዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሳሉ።

ይህን ደዌ በ1878 በኢጣልያ አገር ፔሮንቺቶ የተባለ ሊቅ የዶሮ ቸነፈር ብሎ ለይቶ ጻፈው። የኢንፍሉዌንዛ ወገን መሆኑ የታወቀው ግን በ1955 ነው። በ1961 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ዓሣ የሚለቅሙ የባሕር ወፎች በብዛት ሞተው ቫይረሱ ከእነርሱ ተገኘ፤ ስለዚህ የዱር ወፎችም በዚህ ደዌ ሊያልቁ እንደሚችሉ በመጀመሪያ የታየው በዚሁ በእኛ ክፍለ ዓለም ነው።

በ1996 በቻይና በጓንግዶንግ ግዛት ከዝይ ላይ የተገኘው ኤች5ኤን1 በሚከተለው ዓመት ወደ ሆንግ ኮንግ ከተማ ገባ። በዚያ 18 ሰዎች ታመው 6 ሞቱ፤ መንግሥቱም በከተማው ያሉትን ዶሮዎች፣ ቍጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆነውን፣ አሳርዶ አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በ2005 በቻይና በቺንግሃይ ሐይቅ በሺህ የሚቈጠሩ የዱር ዝይዎችና ሌሎች ወፎች ሞቱ። ይኸውም በቤት ዶሮ መካከል ገዳይ የሆነው ቫይረስ ተመልሶ ወደ ዱር ወፍ መግባቱን አስረዳ። ስለዚህ ዛሬ የሚያሰጋው በዱር ወፍ ላይ ያለው ለስላሳው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ገዳዩም ራሱ በክንፍ የሚጓዝ ሆኗል።

፪ኛ፤ በአፍሪካና በጎረቤቶቻችን የታየው

በ2006 በየካቲት ወር ኤች5ኤን1 በናይጄሪያ በካዱና ግዛት በዶሮ እርባታ ላይ ተገኘ። በዚያው ወር ግብጽ ገባ። በሚያዝያም በሱዳን በካርቱምና በገዚራ፣ ቀጥሎም በጅቡቲ ታየ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያን በሁለት ወገን ከበባት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችንም በአንድ የዶሮ እርባታ ብዙ ዶሮዎች ሞተው ተጠርጥሮ ነበር፤ ናሙናው ሲመረመር ግን የአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛ አልተገኘበትም። ጥርጣሬው መገለጡና መመርመሩ መልካም ሥራ ነበር፤ ሳይመረመር ቢቀር ኖሮ እውነቱ አይታወቅም ነበርና።

በግብጽ ደዌው ከገባ በኋላ ሥር ሰደደ፤ በዓመታት ውስጥ ከ350 በላይ ሰዎች ታመውበታል፤ ከእነርሱም ከመቶ በላይ ሞተዋል። ከታመሙት ብዙዎቹ በየቤታቸው ዶሮ የሚያረቡ ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

በ2017 በጥር ወር ደግሞ ኤች5ኤን8 የተባለው በኡጋንዳ ታየ። በመጀመሪያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በኤንቴቤ አጠገብ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ነጫጭ ክንፍ ያላቸው የውሃ ወፎች ሞተው ተገኙ፤ ቀጥሎም በማሳካ አውራጃ በቤት ዶሮዎችና ዳክዬዎች ላይ ተገኘ። በ2021 በሴኔጋል በጁጅ የአእዋፍ ጥብቅ ስፍራ 750 ያህል ታላላቅ ነጭ የውሃ ወፎች፣ ፔሊካን የሚባሉት፣ ሞቱ።

ይህን ሁሉ መቍጠራችን ለማስፈራራት አይደለም። የነጭ ዓባይ ውሃ ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚነሣ፣ የባሮም ውሃ በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ እንደሚገናኝ ሁሉም ያውቃል። በአንዱ የውሃ ዳር የታየው ነገር ለሌላው እንግዳ አይደለም ለማለት ነው።

፫ኛ፤ ጋምቤላ ስለ ምን ይጠነቀቃል

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ዳር በቈላ የተቀመጠች ናት። በ1902 በተደረገው ውል ለእንግሊዞች የንግድ ስፍራ ከተሰጠ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በክረምት ወራት መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ ላይ እየወጡ የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። የመርከቡ ንግድ ቀርቷል፤ የወፎቹ መንገድ ግን ዛሬም አልተዘጋም።

ከመስከረም እስከ ጥቅምት የሰሜኑ አገር ብርድ ሲጀምር ከሩሲያና ከአውሮፓ የሚነሡ ዳክዬዎችና ሽመላዎች ወደ ነጭ ዓባይ ረግረግ ይወርዳሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ይመለሳሉ። የጋምቤላ ሜዳ፣ በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች የሚጠጣው፣ የዚያ ታላቅ ረግረግ ጎረቤት ነው። በተጨማሪም ዓመቱን ሙሉ ከአፍሪካ የማይወጡ የውሃ ወፎች በዚያ ይኖራሉ። በ2006 ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የውሃ ወፎች ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በእንግዶቹ ብቻ ሳይሆን በነዋሪዎቹም ላይ ተገኝቷል። እንግዲህ እንግዶቹ ከተመለሱ በኋላ ነገሩ አለቀ ብሎ መተኛት አይገባም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሁለተኛ ነገር የወቅቱ ሁኔታ ነው። በክረምት ውሃው ሜዳውን ስለሚሸፍነው ወፎቹ ይበተናሉ። በበጋ ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ውሃው እየሸሸ ወደ ጥቂት ኵሬዎችና ወንዞች ይሰበሰባል፤ ወፉም፣ ከብቱም፣ ዶሮውም፣ ሰውም በዚያው በቀረው ውሃ ላይ ይገናኛል። የኑዌር ከብት አርቢዎች ወደ ወንዝ ዳር የሚወርዱት፣ የአኙዋ ገበሬዎችም በወንዝ ዳር እርሻ የሚበረቱት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የጥንቃቄው ዋና ወራት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ነው።

የቈላው ሙቀት በአንድ በኩል ይረዳናል። ይህ ቫይረስ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙ ሳምንት ሊቈይ ይችላል፤ በፀሐይና በሙቀት ግን ቶሎ ይሞታል። ይሁን እንጂ ጥላ ባለበት፣ እርጥብ ኩስ በተከማቸበት፣ አየር በማይገባው የዶሮ ቤት ውስጥ ፀሐይ አትደርስምና በሙቀቱ መታመን አይበቃም።

፬ኛ፤ ከዱር ወደ ቤት የሚሻገርበት መንገድ

ደዌው ከዱር ወፍ ወደ ቤት ዶሮ የሚሻገርባቸው በሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ዶሮዎች የውሃ ወፎች ካረፉበት ኵሬ ሲጠጡ፣ ወይም ከዚያ የተቀዳው ውሃ ሳይፈላ ሲቀርብላቸው ነው። ሁለተኛው እህል ነው፤ በሜዳ የተበተነ ጥሬ የዱር ወፎችንና ዶሮዎችን በአንድ ገበታ ያስቀምጣቸዋል። ሦስተኛው አደን ነው። የታደነው ዳክዬ ወይም የሞተ ሆኖ የተገኘው ወፍ በግቢ ውስጥ ሲበለት ላባውና ሆድ ዕቃው ለዶሮ ይጣላል፤ ከዚህ የሚከፋ የለም። አራተኛው የሰው እግርና እጅ ነው፤ በረግረግ የዋለ ሰው በጫማውና በዕቃው ላይ ኩሱን ይዞ ወደ ዶሮ ቤት ይገባል።

አንድ ጊዜ ከዶሮ ከገባ በኋላ ግን የሚያዛምተው የዱር ወፍ ሳይሆን የሰው ንግድ ነው። በገበያ ከየመንደሩ የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ በአንድነት ይውላሉ፤ ያልተሸጠችው ማታ ወደ ቤቷ ተመልሳ ከጓደኞቿ ጋራ በአንድ ቆጥ ላይ ታድራለች። ወደ ጋምቤላ ከተማም ከደጋው በጎሬና በቡሬ መንገድ በመኪና ዶሮ ይወርዳል። ይህ መንገድ ለንግድ መልካም እንደ ሆነ ሁሉ ለደዌም የተመቸ ነው። አንዲት የታመመች ዶሮ በአንድ ቀን ከቈላ ወደ ደጋ፣ ወይም ከደጋ ወደ ቈላ ልትደርስ ትችላለች፤ ያን ያህል የሚሮጥ ደዌ ከመኪናው በቀር ሌላ ረዳት አያስፈልገውም።

፭ኛ፤ ፈንግል ነው ብሎ ስለ መተው

በዚህ ነገር ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው። በአገራችን ዶሮ በድንገት ሲያልቅ ሁሉም ሰው ፈንግል ነው ይላል። ፈንግል እውነተኛና አሮጌ ጠላታችን ነው፤ በየዓመቱ ብዙ ዶሮዎችን ይፈጃል። ነገር ግን የፈንግልና የገዳዩ ኢንፍሉዌንዛ ምልክት እጅግ የተመሳሰለ ስለ ሆነ ብልኅ ሐኪም እንኳ በዓይን ብቻ አይቶ ሊለያቸው አይችልም።

በሁለቱም ዶሮዋ ትቈዝማለች፤ መብላት ትተዋለች፤ እንቍላል መጣል ታቋርጣለች፤ ትተነፍሳለች፤ ትቀዝናለች፤ አንገቷም ሊጣመም ይችላል። በኢንፍሉዌንዛ ብዙ ጊዜ ራሷ ያብጣል፤ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋና ከጉሮሮዋ በታች የተንጠለጠለው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ በእግሯም ላይ ደም የቋጠረ ምልክት ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም ምልክት ሳይታይ ማታ ደኅና የነበሩት ጧት ሞተው ይገኛሉ። ፍርዱን የሚሰጠው የናሙና ምርመራ ብቻ ነው፤ ይህም በሰበታ ባለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይፈጸማል።

እንግዲህ ሹሙ በየዓመቱ የሚመጣው ፈንግል ነው ብሎ ዝም ያለ እንደ ሆነ፣ ሌላው ደዌ የፈንግልን ስም ለብሶ በፊቱ ያልፋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፈንግልን በክትባት መቀነስ ነው፤ ክትባቱ በቢሾፍቱ በመንግሥት ተቋም ይዘጋጃል፤ በዓይን በመንጠብም ይሰጣል። የተከተበ መንደር ዶሮው በድንገት ቢያልቅበት ነገሩ ፈንግል እንዳልሆነ ቶሎ ያስጠረጥራል። ነገር ግን የፈንግል ክትባት ከኢንፍሉዌንዛ እንደማያድን ለሕዝቡ መነገር አለበት። ሁለተኛው ማናቸውንም የዶሮ እልቂት ማስታወቅ ነው፤ ፈንግል ሆኖ ቢገኝ የጠፋ ነገር የለም።

፮ኛ፤ ስለ ሰው ጤንነት

የአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሰው የሚተላለፈው አልፎ አልፎ ነው፤ የተያዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይጐዳል። ከ2003 ወዲህ በዓለም ላይ ከ900 በላይ ሰዎች በኤች5ኤን1 መያዛቸው ተመዝግቧል፤ ግማሽ ያህሉም ሞተዋል። የሚያዙት አብዛኛውን ጊዜ የታመመ ዶሮ የያዙ፣ ያረዱና የነጩ ናቸው። በደንብ የበሰለ ሥጋና እንቍላል አያስፈራም፤ ቫይረሱ በ70 ዲግሪ ሙቀት ይሞታልና። የሚያስፈራው በማረድና በመንጨት ጊዜ ነው። ስለዚህ ስትሞት የደረሰችን ዶሮ ሳትሞት ልረዳት ብሎ ቢላዋ ማንሣት ትንሽ ሥጋ ለማትረፍ ሕይወትን መያዣ መስጠት ነው።

፯ኛ፤ የሹምና የባለይዞታ ሥራ

ደዌው ሳይመጣ የሚደረገው፤

አንደኛ፣ ለዶሮ የጕድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ እንዲሰጥ፣ ጥሬውም በመጠለያ ሥር እንዲበተን ማስተማር ነው። በበጋ ወራት ዶሮዎች ወደ ኵሬ እንዳይሄዱ በአጥር መከልከል ይገባል። የቤት ዳክዬ ያለው ሰው ከዶሮው ለይቶ ያኑር።

ሁለተኛ፣ ከገበያ የተገዛች ወይም ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ከሌሎቹ ጋራ ሳትቀላቀል 14 ቀን ለብቻዋ ትቈይ።

ሦስተኛ፣ የዶሮ ገበያ ከሌላው ገበያ የተለየ ስፍራ ይኑረው፤ ገበያው ሲበተን ኩሱና ላባው ተጠርጎ ይቀበር፤ ቦታውም በሳሙናና በበረኪና ይታጠብ። በሆንግ ኮንግ ገበያውን አንዳንድ ቀን ባዶ አድርጎ ማጠብ ቫይረሱን እንደ ቀነሰ ታይቷል።

አራተኛ፣ አዳኞች ወፍ በዶሮ ግቢ ውስጥ እንዳይበልቱ፣ ሞቶ የተገኘ ወፍም እንዳይነካ ይነገር። ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአኙዋ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋ ይነገር፤ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎችም አይዘለሉ።

እልቂት በታየ ቀን የሚደረገው፤

አንደኛ፣ ከዚያ መንደር ዶሮም፣ እንቍላልም፣ ኩስም እንዳይወጣ ወዲያው መከልከል ነው። ሁለተኛ፣ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን መጥራትና ናሙናው በቀዝቃዛ ዕቃ ተይዞ እንዲላክ መርዳት ነው። ሦስተኛ፣ የሞቱትን በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ ወደ ወንዝም ሳይጥሉ፣ ከውሃ ርቆ በተቈፈረ ጥልቅ ጕድጓድ ኖራ ነስንሶ መቅበር ነው። በባሮ ላይ የተጣለ በድን ደዌውን ለታችኛው መንደር መላክ ነው። አራተኛ፣ ዶሮዎቹን የነካ ሰው ትኵሳትና ሳል ቢይዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነገሩን ለሐኪሙ እንዲገልጽ ማድረግ ነው።

፰ኛ፤ የማይገባ ሥራ

ደዌው ከወፍ መጣ ብሎ ወፎቹን መግደል፣ ዛፋቸውን መቍረጥ ወይም ረግረጉን ማቃጠል አይገባም። የተባረረ መንጋ ይበተናል፤ የተበተነውም ደዌውን ወደ አዲስ ስፍራ ይወስደዋል። የጋምቤላ ፓርክም ለአገሩ ክብር የሆነ ሀብት ነው። እንደዚሁም ይህን ደዌ ያመጡት እነ እገሌ ናቸው፣ ስደተኞች ናቸው፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት ናቸው የሚል ወሬ በተነሣ ጊዜ ሹሙ ፈጥኖ ዝም ሊያሰኘው ይገባል። ቫይረስ ነገድና ድንበር አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ግን ከዶሮ ሞት የከፋ የሰው ጥል ያስነሣል።

፱ኛ፤ ስለ መሸሸግና ስለ ካሳ

ጥንቃቄው ሁሉ የሚፈርሰው በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም መሸሸግ ነው። ባላገሩ የሚሸሽገው ዶሮዬ በከንቱ ትታረድብኛለች ብሎ ነው፤ ስለዚህም የታመመችውን ፈጥኖ ወደ ገበያ ይወስዳታል። ሹሙ የሚሸሽገው ደግሞ ከበላዬ ያለው በእኔ አስተዳደር ደዌ ተነሣ ብሎ ይወቅሰኛል ብሎ ነው። ሁለቱም በየበኩላቸው ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱም ግን አገሩን ይጐዳሉ።

ስለዚህ የበላይ ሹማምንት አስቀድሞ ያስታወቀውን እንጂ ዝም ያለውን ሊወቅሱ ይገባል። የታረደ ዶሮ ሁሉ በባለቤቱ ስም፣ በቍጥርና በዕድሜ፣ ምስክር ባለበት በመዝገብ ይጻፍ፤ የአንዱም ግልባጭ ለባለቤቱ ይሰጠው። ሹሙ ያልተፈቀደለትን ካሳ ተስፋ አይስጥ፤ ነገር ግን ካሳ በተወሰነ ቀን የድኻይቱ ሴት ስም ከመዝገቡ እንዳይጠፋ ማድረግ በእጁ ነው። ካሳ በሌለበት ወይም በዘገየበት ስፍራ ሕዝቡ ዶሮውን እንደሚሸሽግ በብዙ አገር ታይቷል።

አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል፤ ደግሞም ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ብለዋል። ወፎቹ በየመስከረሙ ይመጣሉ፤ መምጣታቸውንም ማንም አያስቀርም። በእጃችን ያለው በወንዙና በጓሮው መካከል ያለውን በር መዝጋት፣ በሩ ቢከፈትም በዚያው ቀን ማወቅ ነው። ይህንንም ለመፈጸም የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ፣ አጥር፣ መዝገብና እውነቱን የማይሸሽግ ሹም ነው።